በር ላይ ቆማችሁ ጀምሩ፦ በመሀል አዲስ አበባ የቱሪዝም ጥናት ለምትሠሩ

በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛ ታናሽ ይደውላል። «የመመረቂያ ጽሑፌን በቱሪዝም ላይ ልሠራ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ርዕሱን ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቱሪዝም ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ያለው አስተዋጽኦ»።

ይህ ርዕስ ለአንድ መሥሪያ ቤት እንኳ ይከብዳል። አራት ወርና የታክሲ ብር ብቻ ላለው ተማሪ ደግሞ ወጥመድ ነው። ልጁ ከኢንተርኔት አጠቃላይ ነገር ይሰበስባል፣ መቶ መጠይቅ ይበትናል፣ ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርስ የሚለው ያጣል። ከዚያ ይልቅ በእግር በሚዳረስ ቦታ አንድ ጥያቄ ይዞ መሥራት ይቻላል። ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው ሰፈር ለአንድ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። እኔም የራሴን እዚያው ነው የሠራሁት። ከእሱና በኋላ ካገዝኳቸው ልጆች ሥራ ያወቅሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት በእግር ውጡ

ላፕቶፑን ቤት ተዉት። ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ያዙ። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የውጭውንም የአገር ቤቱንም ጎብኚ ታገኛላችሁ።

ከስድስት ኪሎ ጀምሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። አራት ኪሎ ላይ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ። ተመልሳችሁ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ ስትወጡ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ የምኒልክ ሐውልትና ቅዱስ ጊዮርጊስ ጎን ለጎን ናቸው። ከዚያ በቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉትን የባህል ዕቃ ሱቆች እያያችሁ ወደ ለገሃር ውረዱ፤ መጨረሻችሁ መስቀል አደባባይ ይሁን። ቆም እያላችሁ ከሄዳችሁት ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

በሌላ ቀን ደግሞ ከነዚህ አንዱን መርጣችሁ በሩ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል ቁሙ። ጥበቃዎቹን አስቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ መታወቂያችሁን አሳዩ፣ ለምን እንደቆማችሁ ንገሯቸው። እኔ የቆምኩት ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ነበር፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። ደብተሬ ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ የውጭ ሰው፣ የአገር ውስጥ አዋቂ፣ ተማሪ፣ አላውቅም። ለእያንዳንዱ ገቢ አንድ ጭረት።

መጀመሪያ የገረመኝ የተማሪው ዓምድ ቶሎ መሙላቱ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ፣ መምህርቷ ራስ ራሳቸውን እየነካች ትቆጥራለች፣ አንዱ ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥሏል። ቀጥሎ ከሚኒባስ የወረዱ የውጭ አገር ሰዎች ገቡ። ድንቅነሽን አይተው ወጡ። ሰዓቴን አየሁ፤ 50 ደቂቃ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር። አንዳቸውም መንገዱን ተሻግረው ቡና አልጠጡም፣ ውሃ እንኳ አልገዙም።

የጥናቴ ጥያቄ የወጣው ከዚያች 50 ደቂቃ ነው። ሙዚየሙን የሚጎበኝ የውጭ ሰው በዙሪያው ላለው ባለሱቅና ባለካፌ ምን ይተውለታል? መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ ብቀር ይህ ጥያቄ አይመጣልኝም ነበር። ለዚህ ነው ለሚደውልልኝ ሁሉ መጀመሪያ በር ላይ ቁም፣ በር ላይ ቁሚ የምለው።

«አላውቅም» የሚለውን ዓምድ እንዳትተዉት። ቀጣዩ ሥራ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

2. ጎብኚ ማን እንደሆነ ወስኑ

እኔ «አላውቅም» ስር ካስገባኋቸው ውስጥ አንድ ቤተሰብ ነበር። አባትየው አማርኛውን ያንበለብለዋል፣ ልጆቹ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው። ከአሜሪካ ለበዓል የመጡ ናቸው። የት ላስገባቸው? የውጭ ናቸው ወይስ የአገር ቤት?

መልሱ በቆዳ ቀለምም በቋንቋም አይወሰንም። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ያስቀመጠው መለኪያ ሰውየው የሚኖርበት ቦታ ነው። ከተለመደ የኑሮ አካባቢው ወጥቶ፣ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የተጓዘ፣ ዋና ምክንያቱም በሄደበት አገር ባለ ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት ያልሆነ ሰው ጎብኚ ይባላል። አንድ ሌሊት እንኳ ካደረ ቱሪስት ነው። ሳያድር ከተመለሰ የቀን ጎብኚ ነው።

ይህን መለኪያ ይዛችሁ ወደ መሀል ከተማችን ተመለሱ። ነገሩ ወዲያው ይለያያል። ከአሜሪካ የመጣው ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ቱሪስት ነው። ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ መጥቶ ሦስት ሌሊት ሆቴል ያደረ ልዑክም ቱሪስት ነው፤ ሙዚየም ባይረግጥም። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ ግን ካሜራ አንጠልጥሎ ብታዩትም ቱሪስት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጠዋት መጥቶ ፓርክ አይቶ ማታ የተመለሰ ሰው የአገር ውስጥ የቀን ጎብኚ ነው። ያ ዳቦ ያንጠለጠለው ልጅ ደግሞ የሰፈር ልጅ ከሆነ በዚህ ትርጉም ቱሪስት አይደለም፤ ቲኬት ግን ተቆርጦለታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ ይበላሻል። አንድ ፓርክ በዓመት ይህን ያህል ሰው ጎበኘኝ ሲል የቆረጠውን ቲኬት መቁጠሩ ነው። ተማሪው ያንን ቁጥር ይወስድና «ይህን ያህል ቱሪስት» ብሎ ይጽፋል። የቦሌም ነገር እንዲሁ ነው። በአየር መንገዳችን ከአንድ አገር ወደ ሌላው የሚያልፍ፣ ከኤርፖርት ሳይወጣ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ እጅግ ብዙ ነው፤ የኢትዮጵያ ቱሪስት ተብሎ ግን አይቆጠርም። ምዕራፍ አንድ ላይ «በዚህ ጥናት ጎብኚ ማለት…» ብላችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት። ከዚያ እስከ መጨረሻው ገጽ አትልቀቁት።

3. ርዕሱን አጥብቡ

ቦታ፣ ሰው፣ ጊዜ። ሦስቱም ርዕሱ ውስጥ ካሉ ጠቧል ማለት ነው። «የዓድዋ ድል መታሰቢያን የሚጎበኙ ከክልል የመጡ ሰዎች ስለ ቦታው መረጃ የሚያገኙበት መንገድ» ይሠራል። «የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሳምንት በካዛንቺስ አነስተኛ ሆቴሎች የክፍል ዋጋ ላይ የሚያመጣው ለውጥ» ይሠራል፤ እኔ ብሆን ይህንን እመርጥ ነበር። አፍሪካ አዳራሽ ሥራ ከጀመረበት እ.ኤ.አ. 1961 ጀምሮ ይህች ከተማ ትልቅ እንግዳ የምትቀበለው በስብሰባ ነው። ስለ ስብሰባ ቱሪዝም የሚጽፍ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። ሁሉም ላሊበላን ያስባል።

ለአማካሪያችሁ አንድ ርዕስ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላ ሳምንት አይባክንም።

4. ንባቡን በሁለት ሳምንት ጨርሱ

ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈን ነገር ለማግኘት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲሰበስብ ኖሯል። የቆዩ መጽሔቶችና ሌላ ቦታ የማይገኙ ጽሑፎች እዚያ አሉ። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለአሮጌ ጋዜጣ ይጠቅማል። አብርሆት ደግሞ ቁጭ ብሎ ለመሥራት ይመቻል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔትም ይገኛሉ። ከናንተ በፊት በቱሪዝም የተመረቁ ልጆች የሠሯቸውን እዚያ ፈልጉ። ከነዚያ ውስጥ ስምንት አሥሩን በደንብ ማንበብ ሠላሳውን ገረፍ ገረፍ ከማድረግ ይሻላል። በተለይ የመጨረሻውን ምዕራፍ እዩ፤ «ወደፊት ቢጠና» ብለው የተዉት ነገር ለናንተ ርዕስ ሊሆን ይችላል።

ስትፈልጉ የመሥሪያ ቤቶችን የድሮ ስምም ሞክሩ። የዛሬው ቱሪዝም ሚኒስቴር እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ነበር። የዛሬው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል ነበር። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱም የብዙዎቻችን አፍ ላይ ያለው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የአሥር ዓመት ሰነድ ያመልጠዋል።

የታሪክ ዳራ ስትጽፉ ሁለት ገጽ ይበቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ሥራ ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መለያ አወጡ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ «ምድረ ቀደምት» መጣ። አገሪቱ ራሷን ለእንግዳ ያስተዋወቀችበት መንገድ በነዚህ ሁለት ሐረጎች ውስጥ ይታያል። አንዱ የሚናገረው ስለ አየሩ ነው፣ ሌላው ስለ ዘሩና ስለ መነሻው። ለዳራችሁ ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስለ ፒያሳ የተጻፈ ነገር ስታነቡ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ከ2016 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ከሆነ የሚናገርላቸው ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ ዛሬ የሉም። ስለ ድሮው ፒያሳ ጎብኚዎች ጥሩ ምስክር ነው፤ ስለ ዛሬው ግን ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱን ማነጻጸር ራሱን የቻለ ጥናት ነው፤ አንድ ሰው ቢሠራው ደስ ይለኛል።

5. ቁጥሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ

የኔ ጽሑፍ ሊወድቅ የነበረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ሠርቼ በአንድ ዓምድ የአገር ውስጥ ሪፖርት፣ በሌላው የዓለም አቀፍ ድርጅት ቁጥር አስቀመጥኩ። ልዩነቱ ሰፊ ነበር። «የአገር ውስጡ መረጃ አስተማማኝ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሠንጠረዡን ለረጅም ጊዜ አዩትና «የማን ዓመት ነው ይሄ?» አሉኝ። ሁለቱ ዓምዶች የሚቆጥሩት አንድ ዓመት አልነበረም። መረጃውን ያለ ጥፋቱ ወቅሼው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2016 በጀት ዓመት ማለት እ.ኤ.አ. የ2023 ሁለተኛ አጋማሽና የ2024 የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚቆጥሩት ግን ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ግማሽ በግማሽ ብቻ ነው የሚገጥሙት። የወር ወይም የሩብ ዓመት ቁጥር ካገኛችሁ ራሳችሁ ደምራችሁ አስተካክሉት። ካላገኛችሁ ደግሞ «2023/24» ብላችሁ ጻፉና ከግርጌው አስረዱ። ዓመቱን 7 ወይም 8 ቀንሶ መገላበጥ ብቻውን አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8።

ይህ ችግር ታሪክ ላይም አለ። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል መቼ ተሠራ ብላችሁ ፈልጉ። አንዱ 1898 ይላል፣ ሌላው 1907። ሁለቱንም የምታገኙት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። 1898 በኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጅ 1905 ወይም 1906 ነው፤ ከ1907 ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ሁለት ምንጭ ሲጣላባችሁ መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን መርምሩ። በጽሑፋችሁ ውስጥ በሙሉ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ሳይለዩ ዓመት አትጻፉ።

የት ይገኛል? የውጭ ጎብኚ ቁጥር ቱሪዝም ሚኒስቴር ዘንድ አለ፤ መነሻው ኢሚግሬሽን በመግቢያ በር የሚመዘግበው ነው። ከተማዋን የሚመለከተው የአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ነው። ከጎብኚ የሚገኘውን የውጭ ምንዛሪ በብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመትና ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ የአገልግሎት ንግድ ክፍል ላይ ፈልጉት። ሙዚየሞችና ፓርኮች የራሳቸው የቲኬት መዝገብ አላቸው። የቲኬት መዝገቡ ብዙ ጊዜ የውጭና የአገር ውስጥ ዋጋ ስለሚለይ ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ነው።

የአሥር ዓመት ቁጥር አግኝታችሁ መስመር ስትስሉ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አትጎትቱበት። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ጀመረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015 ነው። የነዚያ ዓመታት ቁጥር ስለ ሆቴል መስተንግዶም ስለ ማስታወቂያም የሚነግራችሁ ነገር የለም። ለብቻቸው ለዩዋቸው፣ ምክንያቱን ጻፉ። በብር የተጻፈ ዋጋ የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 2016ን አትርሱ። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የክፍል ዋጋ በብር ሲጨምር በዶላር ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አስሉት።

6. ደብዳቤውን ቀድማችሁ አስጽፉ

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ በየቦታው ይመልሳችኋል። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ስሙን ጠቅሶ፣ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ይሁን። የምትፈልጉትን ነገር በአንድ መስመር አስገቡበት፤ «የ2014፣ የ2015 እና የ2016 ወርኃዊ የጎብኚ ቁጥር» ከተባለ ኃላፊው ለማን እንደሚመራው ያውቃል። «መረጃ እንዲሰጣት» ከተባለ ግን ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱን ያስገቡላችኋል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር ይጻፍላችሁ። ያቺ ቁጥር ገንዘብ ናት። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» በምትባሉበት በአራተኛው ቀን የምትይዙት እሷን ነው። እኔን አንድ ቢሮ ሦስት ሳምንት አመላልሶኛል። በመጨረሻ የረዱኝ መዝገብ ቤት ያሉት እናት ናቸው። «የኔ ልጅ፣ ደብዳቤህ ለሌላ ክፍል ተመርቶ ነው የጠፋው» ብለው ዶሴውን ራሳቸው ፈልገው አወጡልኝ። ስማቸውን ጠይቄ በምስጋናው ገጽ ላይ አስገባሁት። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት አትሂዱ። ሰኔ ውስጥ ደግሞ የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ማንም ጊዜ የለውም፤ ደብዳቤው የካቲት ሳያልፍ ገብቶ ማለቅ አለበት።

ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ በደብዳቤው ላይ ይጠቀስ። አንድነት ፓርክም ሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ቤተ መንግሥትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚበዛ ዝም ብሎ ካሜራ ማውጣት ጣጣ ያመጣል።

7. መጠይቁን ራሳችሁ በእጃችሁ ስጡ

የመጀመሪያውን መጠይቄን 60 ኮፒ አድርጌ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ተውኩት። «ለእንግዶች እንሰጥልሃለን» አሉኝ። በሳምንቱ ስመለስ 41 ተሞልቶ ጠበቀኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስዘረግፈው ግን 22ቱ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ የተሞሉ ነበሩ። የምልክት ማድረጊያዋ ጭረት ጭራ እንኳ አንድ ዓይነት ነበረች። ሁሉም «በጣም ረክቻለሁ» ይላሉ። ሁሉንም ጣልኩ፤ 19ኙንም ጭምር፣ ምክንያቱም የትኛው እውነት እንደሆነ ማረጋገጫ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ጠፋ። መጣሉ ግን ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እጥለዋለሁ።

ስለዚህ በር ላይ ቁሙና ራሳችሁ ስጡ፤ ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ። የሚገባ ሰው ይቸኩላል፣ የሚለውም ነገር የለውም። ከሚወጣው ውስጥ እያንዳንዱን አምስተኛ ሰው ጠይቁ። ፊቱ ደስ ያላችሁን ብቻ ከጠየቃችሁ ናሙናችሁ የደግ ሰዎች ናሙና ይሆናል። እምቢ ያለውንም መዝግቡ፤ ስንት ሰው እምቢ እንዳለ መጻፍ ጥናቱን ያስከብረዋል።

የናሙና ብዛት ሁሉንም ያስጨንቃል። ተማሪው የሚወደው ቀመር ጠቅላላ ብዛቱን ለ1 ሲደመር ብዛቱ ሲባዛ በስህተት መጠኑ ካሬ ማካፈል ነው። በወር 1200 ጎብኚ ካለና የምትቀበሉት ስህተት 5 በመቶ ከሆነ 1200 ለ4 ይካፈላል፤ 300 ሰው ማለት ነው። ቀመሩ የሚሠራው ግን ሰዎቹ በዕጣ ወይም በተራ ሲመረጡ ነው። ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ጠይቃችሁ ቀመሩን ብትጽፉ ፈታኙ ይይዛችኋል፤ መያዝም አለበት። ጊዜ ከሌላችሁ 80 ሰው በሥርዓት ጠይቃችሁ «ይህ ለሁሉም ጎብኚ አይጠቃለልም» ብትሉ ይበልጥ እውነተኛ ሥራ ነው።

መጠይቁ ከአንድ ሉህ ፊትና ጀርባ አይብለጥ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጁት። አንድ ጓደኛችሁ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉም፣ ሌላው ያንን ብቻ አይቶ ወደ አማርኛ ይመልሰው። የተለያየ ነገር ከወጣ ጥያቄው አሻሚ ነው። እኔ «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚለውን ስሞክረው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የቱ አገልግሎት? የበሩ ነው የሽንት ቤቱ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሁለት አድርጌ ከፈልኩት፤ ትልቁ ግኝቴም ከሽንት ቤቱ ጥያቄ ነው የወጣው። ዋናውን ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ሰው ላይ ሞክሩት። በስልክ መሰብሰብ ከፈለጋችሁ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መተግበሪያ ነፃ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል።

የምትቆሙበትንም ወቅት አስቡበት። በመስቀልና በጥምቀት ሰሞን የምታገኙት ጎብኚ የግንቦቱ ጎብኚ አይደለም። ለገና የሚመጣው ዲያስፖራም ሌላ ነው። አንድ ወር ብቻ ከሰበሰባችሁ ወሩን ርዕሱ ላይ ጻፉት።

8. ቃለ መጠይቁ፦ አስተያየት ሳይሆን ወረቀት ጠይቁ

አስጎብኚዎችን፣ የባህል ዕቃ ነጋዴዎችን፣ የሆቴል ሰዎችን አነጋግሩ። ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይበቃል። «ቱሪዝሙ እንዴት ነው?» ካላችሁ «ቀዝቅዟል» ብለው ያሰናብቷችኋል። አንድ አስጎብኚን ፒያሳ ማኪያቶ ጋብዤ «ቱሪስት አዲስ አበባ ስንት ቀን ይቆያል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «ሁለት ቀን» አለኝ። ቀጥዬ ያለፉትን ሦስት ቡድኖች የጉዞ ፕሮግራም እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። አንደኛው ቡድን ጠዋት ደርሶ ከሰዓት ብሔራዊ ሙዚየምና እንጦጦ አይቶ በማግስቱ በረረ። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ግማሽ ቀን ለግዢ ብቻ ነበረው። ሦስተኛው ጭራሽ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ደቡብ ነው የሄደው። ሰውየው አልዋሸኝም፤ ሲሠራበት የኖረውን ልማድ ነው የነገረኝ። ወረቀቱ ግን ሰዓቱን ነገረኝ።

ነጋዴዋንም «ገቢሽ ስንት ነው?» አትበሏት፤ ግብር ሰብሳቢ ትመስላላችሁ። «ባለፈው ሳምንት ብዙ የሸጥሽው የቱን ነው? ማን ገዛው?» በሏት። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። እምቢ ካለች በደብተር ጻፉ፣ ስሟንም በቁጥር ቀይሩት። በር ላይ ያሉ ሊስትሮዎች ብዙ ነገር ያያሉ፤ ነገር ግን ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አትመዝግቡ።

9. ጽፋችሁ ስትጨርሱ

ጽሑፉን ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ከሚናገረው ከምዕራፍ ሦስት ጀምሩት። የሠራችሁትን መጻፍ ቀላል ነው፤ እጃችሁም ይፍታታል። መግቢያው መጨረሻ ላይ ይጻፍ። የኢትዮጵያውያን ደራሲዎችን ስም በፈረንጅ ደንብ አትገልብጡት፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ትምህርት ክፍላችሁ ሌላ ደንብ ካለው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የበር ላይ ቆጠራችሁን ደብተር አትጣሉ፤ ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ስታቀርቡ፣ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ስትባሉ ገልጣችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።

ከተመረቃችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ኮፒ መረጃ ለሰጣችሁ ቦታ ውሰዱ፦ ለሙዚየሙ፣ ለቢሮው፣ ለዚያ አስጎብኚ። እኔ የወሰድኩት ከሁለት ገጽ አማርኛ ማጠቃለያ ጋር ነው፤ የሽንት ቤቱን ግኝት መጀመሪያ ላይ አድርጌ። መዝገብ ቤት ስትደርሱ ገቢ ይደረግ በሉ፣ ቁጥሩንም ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት ስልክ ለሚደውልላችሁ ልጅ ያንን ቁጥር ስጡት።